ባቡር በማይመጣበት ቀን

ጨጓራዬን የሚያመኝ ጆንያ ስሸከም የዋልኩ ቀን ሳይሆን ሥራ ፈትቼ የዋልኩ ቀን ነበር። ይህን ያስተዋለው ደግሞ እኔ ሳልሆን የአቃቂው ክሊኒክ ድሬሰር ነው። ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኑን ሙቀትም ሆነ ብርድ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ነገር የሚገባው ሰው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ስመላለስበት እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ።

«መቼ መቼ ነው የሚያምህ?»

«ሰኞ አሞኝ ነበር። ሐሙስም። ዛሬም ይኸው።»

«ማክሰኞና ረቡዕስ?»

«ማክሰኞና ረቡዕማ ደህና ነበርኩ። ማክሰኞ እንዲያውም ሦስት ቃሪያ በጥሬው በልቻለሁ።»

«ማክሰኞ ምን ተገኘ?»

«ባቡር መጥቶ ነበር።»

ድሬሰሩ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እንግዲህ የኔ ወንድም፣ አንተን የሚያምህ የባቡሩ መቅረት ነው። መደርደሪያዬ ላይ ደግሞ ባቡር የለኝም» አለና አንድ ጠርሙስ ነጭ መድኃኒት ሰጥቶ አሰናበተኝ።

ከመርሐቤቴ አቃቂ የመጣሁት ፋብሪካ እቀጠራለሁ ብዬ ነው። ፋብሪካው ግን የሚያስገባው ዋስ ያለውን ነበር፤ እኔ ደግሞ በአቃቂ ምድር የሚያውቀኝ ውሻ እንኳ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉም አገር ለቅቆ የመጣ ሰው እንደሚያደርገው ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድኩ። እዚያ ከጅቡቲ የሚመጣውን ዕቃ ከፉርጎ ላይ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ይፈለጋል። ጨው፣ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ የማይነገረን ከባድ ሣጥን።

ቅጥሩ የሚፈጸመው ጠዋት በጣቢያው የዕቃ መጋዘን በር ላይ ነው። አርባ ሰው ተሰልፎ ይቆማል፤ ባቡር ከመጣ ካቦው ይወጣል። ካቦ የምንለው የጫኝና አውራጁን አለቃ ነው። ወፍራም ካፖርት የሚለብስ፣ ድምፁ ከአካሉ የሚበልጥ ሰው ነበር። በከዘራው «አንተ፣ አንተ፣ አንተ» እያለ አሥራ አምስት ያህል ሰው ይመርጣል። የቀረው ወደ ቤቱ። ከመጠቆሙ በፊት አንዳንዱን ጀርባውን በመዳፉ መታ ያደርጋል፤ ስትመታ ካሳልክ አለቀልህ። ስለዚህ እኛ ጤነኛ መስሎ የመቆምን ሙያ የተካንን ሰዎች ነበርን። ትኩሳት ያለበት ሰው ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል። ፊቱ የገረጣው ቫዝሊን ይቀባል። እግሩ ያበጠ አንድ ሰውዬ ደግሞ ሁልጊዜ ድንጋይ ላይ እግሩን ሰቅሎ ጫማውን የሚያስር መስሎ ይቆም ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አስሮ ሲጨርስ አላየሁትም።

የየመን ሰው ስለሆነ እኔ የመኑ የምለውን ጓደኛዬን ያገኘሁት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ሁሉም «ዓረቡ» ነው የሚለው። ረጅም ነው፣ አጥንት ነው፣ ሽርጥ አገልድሞ ሁልጊዜ ይስቃል። ከየመን በጀልባ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በባቡር እስከ አቃቂ መጥቷል። አሳቡ አዲስ አበባ ሱቅ ያለው አጎቱ ዘንድ መሄድ ነበር። ባቡሩ አቃቂ ላይ ብዙ ሲቆምበት ውሃ ሊጠጣ ወረደ፤ ሰዎች ጆንያ ሲያወርዱ አየ፤ በምልክት ጠየቀ፤ ያን ቀን ሰው ጎድሎ ስለነበር ተቀጠረ። በሳምንቱ አዲስ አበባ ሄዶ ሲጠይቅ አጎቱ ሱቁን ዘግቶ ጅማ ወርዷል። ጅማ የት እንደሆነች አያውቅም። ተመልሶ አቃቂ መጣና በዚያው ቀረ።

አማርኛውን ከኛ ከተሸካሚዎቹ ነው የተማረው፤ ግን ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። ካቦውን «አንቺ ካቦ» ሲለው ሰልፉ በሙሉ ከንፈሩን ነክሶ ይቆማል። ካቦው አንድ ሁለቴ ተቆጣና ተወው።

ባላቸው የሞተባቸው የአንድ የባቡር ሠራተኛ ሚስት ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን መኖር ጀመርን። እሱ ረመዳንን ይጾማል፣ እኔ ሁዳዴን፣ ረቡዕና ዓርብን። አከራያችን እትዬ «እናንተ ቤት አንድ ሰው ሳይጾም ውሎ ያውቃል?» ይሉ ነበር። ባቡር ያልመጣ ቀን ደግሞ ሁለታችንም እንጾማለን። ያኛው ጾም የማናችንም ሃይማኖት ያዘዘው አልነበረም።

የባቡሩ ነገር ይህ ነው። መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሐዲድ ታጥቦ ይሆናል፣ አዋሽ ላይ ቆሞ ይሆናል፣ መጥቶም ለኛ የሚወርድ ዕቃ አልያዘ ይሆናል። ቢመጣም ካቦው ይጠቁመኝ አይጠቁመኝ አላውቅም። እንቅልፍ ላይ ሆኜ ጆሮዬ ፊሽካ ይጠብቃል። ጆንያው ትከሻዬን ልጦት ስውል ራቴን በልቼ እንደ ግንድ እተኛለሁ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የዋልኩ ቀን ግን ሆዴ ውስጥ ፍም ያለ ይመስለኛል። የመኑ ደግሞ እጁ ላይ ሽፍታ ይወጣበታል፤ ሥራ ሲኖር ይጠፋል። እየተያየን እንስቅ ነበር።

አንድ እሑድ አቃቂ ወንዝ ልብስ ልናጥብና ገላችንን ልንታጠብ ወረድን። ሽርጡን ሲፈታ ከሥሩ ወገቡንና ብሽሽቱን በረጅም ነጠላ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ እንዳሰረ አየሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምንም አይደለም። አገሬ እንደዚህ ነው የሚለበሰው።»

«ዋሸህ።»

ሳቀና ፈታው። ብሽሽቱ ላይ ሎሚ የሚያክል እብጠት አለ። ቡአ ነው። በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲያስለው ተመልሶ ይወጣል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሲሚንቶው። ክረምት ሳይገባ።»

«ለምን ለድሬሰሩ አታሳየውም?»

«ድሬሰሩ ምን ይላል? ሥራ አቁሚ ይላል። ሥራ ካቆምኩ ካቦ ሌላ ሰው ያስገባል። ሌላው ሰው ገብቶ ከቆየ እኔ ማን ነኝ?» አለና ጨርቁን ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሸት ጀመረ። «አንቺ አትናገሪ እንጂ እኔ ደህና ነኝ።»

አልተናገርኩም። አሁን ሳስበው ከሁሉም የሚቆጨኝ ይህ ነው። አለመናገር ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ የማስርለት እኔ ሆንኩ። ወለሉ ላይ ይተኛል፣ እኔ ጉልበቴን ዳሌው ላይ ተክዬ ጨርቁን እንደ በቅሎ ጭነት እጎትታለሁ። «አጥብቂ! አጥብቂ!» ይላል። ከዚያ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ይዘልላል። ጨርቁ ከያዘ እንስቃለን፣ ወደ ሰልፉ እንሄዳለን። ካቦው ጀርባውን ሲመታው እንደ ግድግዳ ነው። ሁልጊዜ ይመረጥ ነበር።

በነሐሴ ሐዲዱ ታች ቆላው ላይ ታጥቦ አምስት ቀን ባቡር ቀረ። በስድስተኛው ቀን ጨው የጫኑ ፉርጎዎች መጡ። አምስት ቀን የተቀመጠ ሰው ሁሉ ሩጫ ያዘ። የመኑ አንዱን ጆንያ አድርሶ ሌላውን ለመቀበል እየሮጠ ይመለሳል፣ እየዘፈነም ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም፣ ጆንያ ጀርባው ላይ እንዳለ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተንበረከከ። ጆንያው በራሱ ላይ ተንሸራትቶ ወረደ። ሮጬ ስደርስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አልገባ አለኝ» አለኝ። «እብጠቱ። እየገፋሁት አልገባ አለኝ።»

ከዚያ አስመለሰው። ድሬሰሩን ጠርተን መጣ። ጨርቁን ፈትቶ ነካ ቢያደርገው የመኑ በጣቢያው ሁሉ የሚሰማ ጩኸት ጮኸ።

«አንጀቱ ታንቋል» አለ ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞሮ። «ይህ የኔ ሥራ አይደለም። ዛሬ አዲስ አበባ ደርሶ ካልተቀደደ አያድርም። ይህን ጨርቅ ማነው እንዲህ ያሰረው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ጨርቁን ጠቅልሎ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አስፋልቱ ላይ ወጥተን ሁለት የጭነት መኪና አስቆምን። ሁለቱም ሾፌሮች የሚጮኸውን ሰው አይተው «መንገድ ላይ ቢሞትብኝ ማን ይጠየቃል?» ብለው ሄዱ። ወደ ከተማ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት አልፏል። ባቡሩ ጨዉን ሳያወርድ አይንቀሳቀስም። ካቦውን ለመንነው። ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ በሩ ዞሮ በከዘራው ሁለት ሰው ጠቆመ፤ አንዱ በየመኑ ምትክ፣ አንዱ በእኔ ምትክ።

ያዳኑን አንድ ሽማግሌ ናቸው። የሐዲድ ጥገና ሠራተኞች አለቃ ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጥርሳቸው ያለቀ፣ ባርኔጣቸው የማይወልቅ ሰው። ወደ ጣቢያው ቢሮ ገቡና ስልክ ደወሉ። ሲወጡ፣

«መሥመሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ነው» አሉ። «ጋሪዬን አምጡ።»

ጋሪያቸው በሐዲዱ ላይ የሚሄድ፣ ድንጋይና ብረት የሚጭኑበት፣ በእጅ የሚገፋ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ላዩ ላይ ጆንያ አነጠፍን፣ የመኑን አስተኛነው፣ ጋሼ ፍሬኑን ይዘው ከራስጌው ተቀመጡ፤ እኔና ሁለት የጥገና ሠራተኞች መግፋት ጀመርን። ከአቃቂ አዲስ አበባ ሽቅብ መሆኑን የማያውቅ ሰው ካለ አንድ ዓረብ በጋሪ ጭኖ ይግፋ።

ዝናቡ አባርቶ ነበር። በሁለቱም በኩል ያኔ እርሻ ነው፤ ጤፉ ገና እንደ ፀጉር ለስላሳ ነው፤ ገበሬዎች ቀና ብለው ያዩናል። አልጋ ሐዲድ ላይ የሚገፉ እብዶች ሳንመስላቸው አልቀረንም። ቃሊቲ ደረስን። የመኑ ጥርሱን ነክሶ ይተኛና በመሃል ዓይኑን ይገልጣል።

«ነገ ሲሚንቶ ይመጣ ይሆናል» አለኝ።

«ዝም በል፣ ጉልበትህን አትጨርስ።»

«ቦታዬን ያዢልኝ። ለካቦ ንገሪው፣ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ይመጣል በይው።»

ሞት ደጃፉ ላይ ቆሞ እሱ የፈራው ሰልፉን ነበር። ልቆጣው ፈለግሁ። ግን እኔም እየገፋሁ በልቤ የማስበው ካቦው በምትኬ ያስገባውን ሰው ነበር።

ሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ ስንደርስ ጋሼ ያቺን የማትወልቅ ባርኔጣቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አላቸው የመኑ።

«አቡዬን እየለመንኩልህ ነው፣ ልጄ።»

«ጎበዝ። ዓረቡም እዚህ አለ በያት።»

ጋሼ በሳቅ ፍሬኑን ለቀቁት። ጋሪው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሦስታችንም በጀርባችን ተደግፈን አቆምነው። «አቡዬን ሴት ያደረገ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሞትም!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ላብ ነው ብዬ ጠረግሁት።

ለገሃር ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። እዚያ በሰይቼንቶ ታክሲ ጫንነው። ሰይቼንቶ ለሁለት አጭር ሰው የተሠራች መኪና ናት፤ የመኑን አጥፈን፣ አጥፈን አስገባነው፤ እግሩ በመስኮት ወጥቶ ነው ሆስፒታል የደረስነው። ወዲያው ወሰዱት። ፈረንጁ ሐኪም ማምሻውን ወጣና በነርሷ በኩል «ትንሽ ብትዘገዩ አንጀቱ ይበሰብስ ነበር። አሁን ይድናል። ግን ለስድስት ወር ከባድ ነገር እንዳያነሳ» አለኝ።

ነርሷን «እሺ ብሏል በይው» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ሰኞ ሰልፉ ላይ ቆምኩ። ካቦው እያየኝ ዘለለኝ። ማክሰኞም ዘለለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አየር ሆንኩ። ያ ነጭ መድኃኒት አለቀ፣ ሌላ ጠርሙስ ወሰድኩ፣ እሱም አለቀ። በዘጠነኛው ቀን ሰልፉ ተበትኖ ስሄድ ካቦው ከመጋዘኑ ጀርባ ጠራኝ። ሊያባርረኝ ነው ብዬ ነበር።

«ያ ዓረብ…» አለና ዙሪያውን አየ። «ሲቀድዱት አመመው?»

«ማደንዣ ይሰጣሉ፣ አለቃ። አልሰማሁም ነው የሚለው።»

«ስንት ቀን ያስተኛሉ?»

«አሥራ አምስት ቀን አካባቢ ነው ያሉት። ምነው?»

የወፍራም ካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ። ከሥሩ ከየመኑ ጨርቅ የሰፋ የቆዳ ቀበቶ ወገቡንና ብሽሽቱን ይዞታል። አሮጌ ነው፤ ጠርዙ ላብ በልቶታል።

«አራት ዓመቴ» አለኝ።

«አንቱም? እርስዎ እኮ ጆንያ አይሸከሙም!»

«ካቦ ከመሆኔ በፊት ምን ስሠራ የኖርኩ ይመስልሃል? እኔንስ የማውረዱን ሥራ የያዘው ኮንትራክተር የሚቀጥረኝ በሳምንት አይደል? ሁለት ሳምንት ከጠፋሁ ከዘራዬን ሌላ ሰው ይይዛታል።» ከዘራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ነበር።

እዚያ ቆመን የሚሆነውን አሰብን። የመኑ በሁለት ቀን ውስጥ ይወጣል። ማንሳት አይችልም፤ መጠቆም ግን ይችላል። ካቦው ለኮንትራክተሩ አገር ቤት ለቅሶ አለብኝ ብሎ የመኑን በምትኩ ያቆማል። የመኑ ደግሞ በጭራሽ ቋሚ ካቦ ሊሆን አይችልም፣ የአገሩ ሰው አይደለም፣ ከአንዱም ወገን አይቆጠርም፤ ስለዚህ ካቦው ሲመለስ ከዘራዋን ይመልስለታል። ካቦው የፈለገው እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

እንዲህ ሆነና የመኑ ገርጥቶ፣ ሽርጡን ለብሶ፣ የካቦውን ከዘራ ይዞ ሰልፉ ፊት ቆመ። «አንቺ፣ አንቺ፣ አንቺ!» ሲል አርባ ወንድ በአንድ ጊዜ ሳቀ። ግን ማንንም ጀርባውን አልመታም። ሰልፉን ከአንደኛው ጫፍ ጀመረና አሥራ አምስት ሰው ቆጠረ። በሚቀጥለው ባቡር ከአሥራ ስድስተኛው ቀጠለ።

«ለምን ጠንካራ ጠንካራውን አትመርጥም?» አልኩት ቤት ስንገባ።

«ማን ጠንካራ እንደሆነ እኔ አላውቅም። እኔ ጠንካራ እመስል አልነበረ?»

አንዳንዱ አጉረመረመ፤ በተለይ ሁልጊዜ የሚመረጡት። ቢሆንም ነገሩ ሰፈሩን ለወጠው። ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ አሁንም አናውቅም፤ ሲመጣ ግን ተራው የማን እንደሆነ እናውቃለን። ተራው ያልደረሰ ሰው ተኝቶ ያረፍዳል። እግሩ ያበጠው ሰውዬ አንድ ሳምንት ሙሉ እቤቱ እግሩን ሰቅሎ ተኛና፣ ተራው ሲደርስ እብጠቱ ጎድሎለት መጣ። እኔም አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከሰዓት በኋላ ሆዴን ዳሰስኩት። ምንም የለም። ተራዬ ከሁለት ባቡር በኋላ መሆኑን ስለማውቅ ብቻ! ሥራው አልጨመረ፣ ምግቡ አልተሻለ።

ካቦው ድኖ ሲመለስ ከዘራውን ተቀበለ። ተራውን ግን አልሰረዘም። ደግ ልብ ኖሮት ነው አልልም፤ ጠዋት ጠዋት ሰው ሲለምነው መዋሉ ስለቀረለት ተመችቶት ነው። አንድ ዓመት ያህል እንዲያ ሄደ። በኋላ ሌላ ኮንትራክተር ሌላ ካቦ ይዞ መጣና እንደ ድሮው ጀርባ መምታት ተጀመረ። ያን ጊዜ ግን እኛ ሰልፉ ላይ አልነበርንም። የመኑ ጣቢያው አጠገብ በቆርቆሮ ቤት ሻይ በወተትና ትኩስ ዳቦ መሸጥ ጀምሮ ነበር። ጠባሳውን አሳይ ላለው ሁሉ ያሳያል፤ ላላለውም ያሳያል። የድሮው ካቦ ሳይከፍል ሻይ የሚጠጣ ብቸኛው ሰው ነበር፤ ሁለቱ ሲያወሩ የሆስፒታሉን ሾርባ ነበር የሚያሙት።

እኔን ጋሼ ወሰዱኝ። «ሽቅብ የገፋህባትን ቀን አይቻለሁ» ብለው በሐዲድ ጥገናው በቋሚነት አስቀጠሩኝ። ስሜ መዝገብ ላይ ቀለም ውስጥ በተነከረ ብዕር ሲጻፍ ቆሜ አየሁት። ሥራው ከጆንያው የቀለለ አልነበረም፤ ፀሐይ ላይ የብረት መዶሻ ማንሳት ነው። የጨጓራዬ ሕመም ግን በዚያው ጠፋ።

በገባሁ በሁለተኛው ወር ኃይለኛ ጉንፋን ያዘኝ። እንደ ልማዴ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ጋሼ ፊት ቆምኩ። ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነኩት።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አሉኝ።

«ሥራ ልገባ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ታመሃል እኮ። ሂድ ተኛ። ነገ ካልተሻለህም እንዳትመጣ።»

«ቦታዬስ?»

«ቦታህ የት ይሄዳል? እንደ ሐዲዱ የብረት ነው» አሉና ወደ ሐዲዱ ሄዱ።

ቤቴ ተመልሼ እንዴት እንደሚታመም ግራ ገባኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ፣ ተቀምጬ ተነሣሁ። እትዬ በመስኮት አይተው «ተኛ እንጂ፣ ምነው እንደ ሙሽራ ትቁነጠነጣለህ?» አሉኝ። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ሳብኩ። ከሰዓት በኋላ የመኑ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ፤ ተኝቼ ሲያገኘኝ በሩ ላይ ቆሞ ብዙ ሳቀ።

«አንቺ ምን ሆነሻል?»

«ታምሜያለሁ» አልኩት። ቃሉ አፌ ውስጥ ጣፈጠኝ፤ ደግሜ አልኩት።

እሱም ጫማውን አውልቆ እግሬ ሥር ተቀመጠና ዳቦውን ለሁለት ቆረሰው።